ገመድ አልባ ማዳመጫን ውሃ ዳርና ውሃ ውስጥ እንዴት እንጠቀምበት?

የማዳመጫዎ ካርቶን ላይ «ውሃ የማያስገባ» ተብሎ ተጽፎ ይሆናል። ይህን ያየ ሰው ቶሎ የሚያስበው ሙዚቃ እየሰማ መዋኘትን ነው። ምኞቱ ጥሩ ነው፤ ይቻላልም። ግን መጀመሪያ ሁለት ጥያቄዎችን መለየት ያስፈልጋል። ውሃው ማዳመጫው ውስጥ ይገባል ወይ? ይህ አንድ ነው። ውሃ ውስጥ ሆነው ድምፁ ይደርስዎታል ወይ? ይህ ደግሞ ሌላ ነው። ካርቶኑ የሚመልሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሁለተኛውን ሳያጣራ ገዝቶ፣ ገንዳ ውስጥ ጭንቅላቱን ገና ሲያጠልቅ ሙዚቃው ጸጥ የሚልበት ሰው ብዙ ነው።

ሦስተኛም ጉዳይ አለ። እኔ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው፦ ከውሃ ከወጡ በኋላ የሚያደርጉት። ውሃውን በደንብ የተቋቋመ ማዳመጫ፣ እርጥብ እንዳለ ኬዙ (ማስቀመጫና ቻርጅ ማድረጊያ ሳጥኑ) ውስጥ ገብቶ ቻርጅ ሲደረግ ይበላሻል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከመግዛት ይጀምርና እስከ ማድረቅ ድረስ ይሄዳል።

1. የት እንደሚጠቀሙበት ይወስኑ

«ለውሃ የሚሆን ማዳመጫ» የሚባል አንድ ዕቃ የለም። ላብ፣ ዝናብ፣ ሻወር፣ ገንዳ ዳር መቀመጥ፣ መዋኘት፣ ጠልቆ መውረድ ሁሉም ይለያያሉ። ለሩጫና ለዝናብ ከሆነ የሚፈልጉት፣ አብዛኛው የስፖርት ማዳመጫ ይበቃዎታል። ገንዳ ዳር ተቀምጠው አልፎ አልፎ ውሃ ለሚረጭብዎትም እንደዚሁ። ፊትዎን አጥልቀው መዋኘት ከፈለጉ ግን የሚገዙት ዕቃ ዓይነቱ ራሱ ይለወጣል። ይህን ሳይወስኑ ሱቅ አይግቡ።

2. ቁጥሩን ያንብቡ

ማስታወቂያው «ውሃ የሚቋቋም» ቢልም «ውሃ የማያስገባ» ቢልም ቃሉ ብቻውን ብዙ አይነግርዎትም። ቁም ነገሩ ያለው «አይፒ» (IP) ከሚለው ምልክት ቀጥሎ በሚመጣው ቁጥር ላይ ነው። መለኪያው የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ነው፤ የመለኪያው መጠሪያ ቁጥር 60529 ነው። የመጀመሪያው አሃዝ ስለ አቧራ፣ ሁለተኛው ስለ ውሃ ይናገራል። በመጀመሪያው አሃዝ ቦታ «ኤክስ» (X) ካዩ ለአቧራ ደረጃ አልተሰጠውም ማለት ነው። «አይፒኤክስ 4» የሚለውን ሲያዩ እንግዲህ የሚያዩት 4ቱን ነው።

4 ማለት ከየትኛውም አቅጣጫ የሚረጭ ውሃ አይጎዳውም ማለት ነው። ለላብ፣ ለካፊያ፣ ለዝናብ ይሆናል። ለመንከር ግን አይሆንም።

5 እና 6 በቱቦ ስለሚለቀቅ ውሃ ናቸው። ለ5 ፈተናው 6.3 ሚሊ ሜትር ስፋት ካለው አፍ በደቂቃ 12.5 ሊትር ውሃ ይለቀቅበታል። ለ6 ደግሞ አፉ 12.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ ውሃውም በደቂቃ 100 ሊትር።

7 ማለት 1 ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ተነክሮ አልፏል ማለት ነው። 8 ከዚያ የከበደ ነው፤ ግን ጥልቀቱንና ጊዜውን የሚወስነው አምራቹ ነው። ስለዚህ ሁለት ባለ 8 ማዳመጫዎች እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። «8 ነው» ብለው አይለፉት። መመሪያ ወረቀቱን ገልጠው ስንት ሜትር፣ ለስንት ሰዓት እንደሚል ይዩ።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተው ነገር። 7 ያለፈ ዕቃ 5ትንና 6ትን አልፏል ማለት አይደለም። በተኛ ውሃ ውስጥ መንከርና በኃይል የሚመጣ ውሃን መቋቋም የተለያዩ ፈተናዎች ናቸው። ሁለቱንም ያለፈ ዕቃ ሁለቱንም ቁጥሮች አብሮ ይጽፋል። ስለዚህ ባለ 7 ማዳመጫዎን ለማጠብ ቧንቧ በኃይል ከፍተው ሥሩ አይያዙት።

ፈተናው የሚደረገውም በንጹሕ ውሃ፣ በአዲስ ዕቃ ላይ ነው። ክሎሪን የለውም፤ ጨው የለውም፤ ሳሙና የለውም። እርስዎ ደግሞ ሲዋኙ ክንድዎ ይወራጫል፣ ዘለው ይገባሉ፣ ግድግዳውን ገፍተው ይወነጨፋሉ። ይህ ሁሉ ጥልቀቱ ከሚሰጠው ግፊት በላይ ይጨምራል። ለዋና የምመክረው 8 ያለውን፣ መመሪያውም ላይ በግልጽ «ለዋና» ተብሎ የተጻፈለትን ብቻ ነው።

ኬዙንም አይርሱ። ማዳመጫው 7 ሆኖ ኬዙ ምንም ደረጃ የሌለው መሆኑ የተለመደ ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ስለ ማዳመጫው ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለ ኬዙ ለብቻ ካልተጻፈ፣ ኬዙ ውሃ አይችልም ብለው ይያዙት። የዋስትናውንም ወረቀት ከመግዛትዎ በፊት ያንብቡ፤ ውሃ ያበላሸውን የማይሸፍን ዋስትና ብዙ ነው፤ ካርቶኑ ላይ የውሃ ደረጃ የተጻፈበት ዕቃ ሆኖም ማለት ነው።

3. ብሉቱዝ ውሃ ውስጥ የማይሠራው ለምን እንደሆነ ይወቁ

ይህን ክፍል ሳይዘሉ ያንብቡልኝ። ያለ በቂ ምክንያት ገንዘብ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው።

ብሉቱዝ የሚሠራው በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ባለ የሬዲዮ ሞገድ ነው። በአየር ውስጥ ይህ ሞገድ ወደ 10 ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያለ ችግር ይሄዳል። ውሃ ግን ሞገዱን ይውጠዋል። ውሃ ውስጥ ርቀቱ በሜትር ሳይሆን በሴንቲ ሜትር የሚለካ ይሆናል። ስልክዎ ገንዳው ዳር፣ ከእርስዎ ሁለት እርምጃ ብቻ ርቆ ቢቀመጥም ጆሮዎ ውሃ ውስጥ ሲገባ ሙዚቃው ይቋረጣል። ማዳመጫው አልተበላሸም። ቢቀይሩትም፣ በጣም ውድ የሆነውን ቢገዙም ያው ነው።

ይህን ነገር ደረቅ መሬት ላይም ታዝበውት ይሆናል። ስልኩ የኋላ ኪስ ውስጥ ሲሆን አንዳንዴ ድምፁ ይቆራረጣል። ሰውነታችን አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ሞገዱን በከፊል ይዘጋዋል።

ታዲያ ስልኩን ውሃ በማያስገባ ከረጢት አድርጌ ወገቤ ላይ ባስረውስ? አይሆንም። ከወገብ እስከ ጆሮ ያለው ርቀት ውሃ ውስጥ ብዙ ነው። ሰዓቴ ላይ ሙዚቃ ጭኜ ብሄድስ? ክንድዎ ከውሃ ወጥቶ ለጭንቅላትዎ ሲቀርብ ይሰማል፤ ሲርቅና ሲጠልቅ ይጠፋል። አንድ ዘፈን እንኳ በትክክል አይሰሙም።

ብሉቱዝ የሚሠራልዎት ጭንቅላትዎ ከውሃ በላይ እስካለ ድረስ ነው። ውሃ ውስጥ ቆመው ስፖርት ሲሠሩ፣ ተንሳፋፊ ላይ ተኝተው፣ ጀልባ ላይ ሆነው፣ ወይም አንገትዎን አውጥተው ዝግ ብለው ሲንቀሳቀሱ። የሚፈልጉት ይህን ከሆነ ያለዎት ባለ 7 ወይም ባለ 8 ማዳመጫ ይበቃል። ሌላ አይግዙ።

4. ለዋና፦ ሙዚቃው ማዳመጫው ውስጥ ይቀመጥ

መፍትሔው ቀላል ነው። ሞገድ ውሃውን ማለፍ ካልቻለ፣ ሙዚቃውን ማዳመጫው ራሱ ይያዘው። ለዋና የተሠሩ ማዳመጫዎች የራሳቸው ማስቀመጫ ሜሞሪ አላቸው። ስልክ አያስፈልጋቸውም፤ ብሉቱዝም አያስፈልጋቸውም። አንዳንዶቹ ሁለቱንም ይዘዋል፤ መሬት ላይ በብሉቱዝ፣ ውሃ ውስጥ በሜሞሪው። እንደዚህ ዓይነቱን ከገዙ፣ ውሃ ከመግባትዎ በፊት ወደ ሜሞሪው መቀየርን አይርሱ።

ለምሳሌ ሾክዝ ኦፕንስዊም የሚባለው 4 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው፤ ደረጃው አይፒ 68 ሆኖ አምራቹ ለ2 ሜትር ጥልቀትና ለ2 ሰዓት ፈቅዶታል። የሶኒ ዎክማን ኤንደብሊው-ደብሊውኤስ413 ደግሞ 4 ጊጋባይት ይዞ፣ እስከ 2 ሜትር ድረስ ለባሕር ውሃ ጭምር የተሠራ ነው። ሁለቱ የሚለያዩት ድምፁን በሚያደርሱበት መንገድ ነው።

ሾክዝ በአጥንት ነው የሚያሰማው። ከጆሮ ፊት ለፊት ጉንጭ አጥንት ላይ ያርፍና ንዝረቱ በአጥንቱ አልፎ ወደ ውስጠኛው ጆሮ ይደርሳል። የጆሮዎ ቀዳዳ ክፍት ነው። ስለዚህ የሰው ድምፅም ይሰማሉ። ውሃ ውስጥ ድምፁ ከሳሳብዎት የዋና የጆሮ መድፈኛ ያድርጉ፤ ድምፁ ወፈር ብሎ ይመጣል። ጆሮን ደፍኖ የተሻለ መስማት ግራ ያጋባል፤ ግን መንገዱ አጥንት ስለሆነ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት፣ እንደ ሶኒው ያለው፣ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ነው። ቀዳዳውን በጎማ ይዘጋል። በደንብ ሲገጥም ድምፁ ሙሉ ነው፤ ባሱም (ወፍራሙ ድምፅ) ይሰማል። ችግሩ መግጠሙ ላይ ነው። በጎማውና በጆሮ ታምቡርዎ መካከል ጥቂት ውሃ ከገባ ድምፁ ይታፈናል። ስለዚህ አብረው የሚመጡትን ጎማዎች ሁሉ ይሞክሩ። የግራና የቀኝ ጆሮዎ መጠን ሊለያይ ይችላል፤ የተለያየ ጎማ ማድረግ ነውር የለውም።

እኔ ብጠየቅ፣ ለጀማሪና ክፍት ውሃ ላይ ለሚዋኝ የአጥንቱን እመርጣለሁ። አካባቢን መስማት ከባስ ይበልጣል። ገንዳ ውስጥ መስመር ይዞ ለሚመላለስና የሙዚቃ ጥራት ለሚፈልግ ሰው ሁለተኛው ይስማማዋል።

5. ዘፈኖቹን ይጫኑ

እዚህ ላይ ሰው የሚደናገጥበት ነገር አለ። ከሙዚቃ አፕ ላይ «ዳውንሎድ» ያደረጉት ዘፈን ወደ ማዳመጫው አይሄድም። ፋይሉ የተቆለፈ ነው፤ የሚከፈተው በዚያው አፕ ውስጥ ብቻ ነው። የሚያስፈልግዎት እንደ ኤምፒ3 ያለ የራስዎ የሆነ ፋይል ነው። ከገዙት የሙዚቃ ፋይል፣ ከራስዎ ሲዲ፣ ወይም በነጻ ማውረድ ከሚፈቅድ ፖድካስት ሊሆን ይችላል።

ማዳመጫውን አብሮት በመጣው ገመድ ከኮምፒውተር ጋር ያገናኙት። እንደ ፍላሽ ሆኖ ይታያል። ፋይሎቹን ኮፒ አድርገው ይለጥፉበት። አንድ ዘፈን 4 ሜጋባይት አካባቢ ከሆነ 4 ጊጋባይት ወደ 1000 ዘፈን ይይዛል፤ ለዋና ከበቂ በላይ ነው።

ማዳመጫው ስክሪን የለውም። ውሃ ውስጥ ሆነው ዘፈን መፈለግ አይችሉም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን መሬት ላይ ይጨርሱ። የፋይሎቹን ስም በ01፣ 02፣ 03 ይጀምሩ። ለማሟሟቂያ አንድ ፎልደር፣ ለፈጣን ዋና ሌላ ፎልደር ማድረግም ይቻላል። ረጅም ፖድካስት ከሆነ ቆራርጠው ቢጭኑት ይሻላል፤ ሳይታወቅዎት ቁልፍ ተነክቶ ወደፊት ቢዘል ወደ ነበሩበት መመለስ ያደክማል። ከጫኑ በኋላ ከቤት ሳይወጡ አጫውተው ይስሙት።

6. ውሃ ከመግባትዎ በፊት

ቻርጁን ቀደም ብለው፣ ማዳመጫው ደረቅ እያለ ይጨርሱ። የቻርጅ ቀዳዳው ክዳን ካለው ተጭነው በደንብ ይዝጉት፤ ጠርዙ ላይ ፀጉር ወይም አሸዋ እንዳይቀር ያረጋግጡ። ቀፎውን በብርሃን ዞር ዞር እያደረጉ ያዩት። ስንጥቅ አለ? የተነሣ ጠርዝ አለ? በኃይል መሬት ላይ ወድቆ ያውቃል? እንዲህ ከሆነ የካርቶኑ ቁጥር ከእንግዲህ አይሠራለትም። የውስጥ ማሸጊያዎቹ በጊዜም ይደክማሉ። የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ ሽቶና የነፍሳት መከላከያም ለጎማ ጥሩ አይደሉም። ቅባቱን ከተቀቡ በኋላ እጅዎን ታጥበው ማዳመጫውን ይንኩ።

በንክኪ የሚታዘዝ ማዳመጫ ከሆነ ንክኪውን ከአፑ ላይ ያጥፉት። የውሃ ጠብታ እንደ ጣት ይቆጠርና ዘፈን ይቀይራል፣ ያቆማል፣ አንዳንዴም ስልክ ይደውላል። ለውሃ የሚጫን ቁልፍ ያለው ሁሌም ይሻላል።

አለባበሱ ቅደም ተከተል አለው። የዋና መነጽሩ ይቅደም። ከዚያ ማዳመጫው። በመጨረሻ የዋና ቆቡ በላዩ ላይ ይውረድና ማዳመጫውን ይያዘው። ቆቡ ያልያዘው ማዳመጫ ግድግዳ ገፍተው ሲወነጨፉ ከጆሮዎ ሊወልቅ ይችላል። ሁለቱ ጆሮዎች በምንም ያልተያያዙበት ትንንሹ ዓይነት ደግሞ ከወደቀ ይሰምጣል። ሐይቅና ባሕር ላይ ያን ጊዜ ፍለጋ የለም። ጀልባ ላይ ከሆኑም ሁለቱን በአንገት በኩል የሚያያይዝ ክር ያድርጉለት።

ስልኩን ውሃ የማይደርስበት፣ ጥላ ያለበት ቦታ ያስቀምጡት። ፀሐይ ላይ የተተወ ስልክም ኬዝም ባትሪው ይጎዳል። ድምፁን መሬት ላይ ሳሉ ይመጥኑት። ውሃ ውስጥ ሲሆኑ የመጨመር ፍላጎት ይመጣል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በ80 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው። ወደ 90 ካደገ ግን ይኸው ሰዓት ወደ 4 ይወርዳል። ድምፁ ታፍኖብዎት ከሆነ ከመጨመርዎ በፊት መግጠሙን ያስተካክሉ።

7. ውሃው ውስጥ

ልጅ ውሃ ውስጥ እያለ የሚጠብቁት እርስዎ ከሆኑ ማዳመጫ አያድርጉ። አንዱን ጆሮም ቢሆን። የሚሰጥም ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይጮኽም፤ እጁንም አያውለበልብም። ትንፋሽ ያጠረው ሰው ለመጮኽ አቅም የለውም። ነገሩ ፈጣንና ጸጥ ያለ ነው። ያለዎት ትንሽ ምልክት ብቻ ስለሆነ ዓይንም ጆሮም ክፍት ይሁን። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ለብቻዎ ሲዋኙም የጠባቂውን ፊሽካ መስማት መቻል አለብዎት። ሐይቅና ባሕር ላይ ጀልባ አለ፣ ማዕበል አለ፣ ሌላ ዋናተኛ አለ። እዚያ ጆሮ የሚደፍን ማዳመጫ አይመከርም። የአጥንቱን ያድርጉ፤ ድምፁንም ዝቅ ያድርጉት። ደማቅ ቆብና ከወገብ የሚታሰር ተንሳፋፊ ፊኛ ቢጨምሩ ደግሞ ጀልባው እርስዎን ያያል።

ከከፍታ አይዝለሉ። ጭንቅላት ውሃውን ሲመታ የሚፈጠረው ግፊት ከማሸጊያው አቅም በላይ ሊሆን ይችላል።

ጠልቆ ስለመውረድ ደግሞ በጥብቅ የምናገረው አለኝ። ጆሮ የሚደፍን ማዳመጫም ሆነ መድፈኛ አድርገው ጠልቀው አይውረዱ። በየ10 ሜትሩ የአንድ ከባቢ አየር ያህል ግፊት ይጨመራል። በመድፈኛውና በታምቡሩ መካከል የታሰረውን አየር አፍንጫ ይዞ በመንፋት ማመጣጠን አይቻልም። አየሩ ይጨመቃል፤ ታምቡሩ ወደ ውጭ ይጎተታል፤ ሊቀደድም ይችላል። ይህ የማዳመጫው ብልሽት አይደለም፤ የእርስዎ ጆሮ ነው።

ሻወርስ? ብዙ ሰው የሚጠይቀው ይህንን ነው። የእኔ መልስ አያድርጉ ነው። ሻወር ከገንዳ የቀለለ ይመስላል፤ ለማዳመጫ ግን ይከብዳል። እንፋሎት አለ። እንፋሎት ውሃ በማያልፍበት ጠባብ ክፍተት ይገባና ውስጥ ሲቀዘቅዝ ውሃ ይሆናል። ሙቀቱ ማሸጊያውን ያሰፋል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይኮማተራል። ሳሙናና ሻምፑ ደግሞ ውሃው እንዳይገባ የሚከለክለውን የገጽ ውጥረት ያላላሉ፤ ውሃው ድምፅ በሚወጣበት ወንፊት በኩል በቀላሉ ያልፋል። አፕል ራሱ ኤርፖድ የተባለውን ማዳመጫውን አድርጋችሁ ሻወርና ሳውና አትግቡ ይላል። ሙዚቃ ካማረዎት ውሃ የሚችል ትንሽ ስፒከር ከሚረጨው ውሃ ራቅ አድርገው ያስቀምጡ።

የመታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ተኝተው ሲያዳምጡ ደግሞ ስልኩ ቻርጅ ላይ አይሁን። በፍጹም። ከሶኬት ጋር የተያያዘ ስልክ ገንዳ ውስጥ ወድቆ ሰው ገድሏል። ማዳመጫው ገመድ አልባ መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ስልኩን ሌላ ክፍል ይተዉት።

8. ከወጡ በኋላ

ማዳመጫው ዕድሜው የሚወሰነው እዚህ ነው። የገንዳ ውሃ ክሎሪን ይተዋል፤ የባሕር ውሃ ጨው ይተዋል። ውሃው ሲደርቅ ጨው ወንፊቱ ላይ ይረጋል፤ ድምፅ ያፍናል፤ ብረቱን ይበላል። ላብም ጨው አለው፤ ስለዚህ ይህ ለሯጮችም ይሠራል።

ቅድሚያ ያለቅልቁት። ባለ 7 ወይም ባለ 8 ከሆነ ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ፣ ቀስ ብሎ በሚወርድ ወይም በሳህን ባለ። ባለ 4 ከሆነ አይንከሩት፤ በንጹሕ ውሃ ረጠብ ያለ ጨርቅ ይጥረጉት። ሳሙና አያስፈልግም።

ቀጥሎ የጆሮ ጎማዎቹን ያውጡ። ለብቻቸው ይታጠቡ፤ ለብቻቸው ይድረቁ። ጎማው ሥር የሚቀረው ውሃ ነው ድምፅ የሚያፍነው። ማዳመጫውን ወንፊቱ ወደ ታች እንዲያይ አድርገው ደረቅ ፎጣ ላይ ቀስ ብለው መታ መታ ያድርጉት። በማይኩ ቀዳዳ በኩልም እንደዚሁ። ቀዳዳው ውስጥ መርፌ አይክተቱ፤ በአፍዎም አይንፉበት።

ከዚያ ፎጣ ላይ ያስቀምጡትና ይተዉት። አየር የሚዘዋወርበት፣ ጥላ ያለበት ቦታ። ለጥቂት ሰዓታት፣ ሲሆን ሲሆን እስከ ማግሥቱ። የፀጉር ማድረቂያ አይጠቀሙ፤ ሙቀቱ ማጣበቂያውንና ባትሪውን ይጎዳል።

ቻርጅ የሚደረገው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ማዳመጫው ላይና ኬዙ ውስጥ ትንንሽ የቻርጅ ብረቶች አሉ። በመካከላቸው ጨዋማ እርጥበት እያለ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ብረቱ መሟሟት ይጀምራል። አረንጓዴ ወይም ጥቁር ነጥብ ይታይበታል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ «ቀኙ ቻርጅ አልቀበልም አለኝ» ይባላል። ኬዙ ደግሞ ክዳን ስላለው እርጥበቱን አፍኖ ያቆየዋል፤ ማዳመጫው እንደገባም ሳይጠየቅ ቻርጅ ማድረግ ይጀምራል። ስለዚህ እርጥብ ማዳመጫ ወደ ኬዝ አይመለስ። ወደ ገንዳ ሲሄዱ ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ይያዙ። ወደ ቤት የሚመለሰው በእሱ ነው። ኬዙ ከቤት ባይወጣ ይመረጣል።

ጆሮዎም ይድረቅ። ጭንቅላትዎን ወደ ጎን ዘንበል አድርገው ውሃውን ያፍስሱ፤ ውጭውን በፎጣ ያድርቁ። የጥጥ እንጨት ወደ ውስጥ አይክተቱ። ጆሮዎ እርጥብ እያለ ወዲያው በሌላ ማዳመጫ አይድፈኑት፤ ሞቃትና እርጥብ ጆሮ ለጀርም ይመቻል። ጆሮዎን ሲጎትቱት የሚያም፣ የሚያሳክክ ወይም ፈሳሽ የሚያወጣ ከሆነ ማዳመጫውን ያቁሙና ሐኪም ይዩ።

9. ውሃ የማይችለው ማዳመጫ ውሃ ውስጥ ቢወድቅ

ወይም ከኪስ ሳይወጣ ከልብስ ጋር ቢታጠብ። ቶሎ ያውጡት። ያጥፉት። «ይሠራ ይሆን?» ብለው ቁልፍ አይጫኑ፤ ቻርጅም አያድርጉት። ብዙ ጊዜ የሚገድለው ውሃው ሳይሆን ውሃው እያለ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ነው።

ውጭውን ይጥረጉ። የወደቀው ባሕር ወይም ሳሙና ውስጥ ከሆነ በንጹሕ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ደግመው ይጥረጉት። ጎማዎቹን ያውጡ። ኬዙም ርሶ ከሆነ ክዳኑን ከፍተው ይድፉት። ከዚያ አየር ባለበት፣ ማራገቢያ ካለ ፊቱ ላይ፣ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይተዉት።

ሩዝ ውስጥ ክተተው የሚል ምክር ይሰማሉ። አይስሙት። ሩዝ ከአየር የተሻለ አያደርቅም፤ ዱቄቱና ስብርባሪው ግን ቀዳዳው ውስጥ ይገባል። ከአዲስ ጫማና ቦርሳ ጋር የሚመጡት ትንንሽ የሲሊካ ጄል ከረጢቶች ካሉዎት፣ ውሃው በደንብ ከተንጠፈጠፈ በኋላ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ አብረው ያስቀምጧቸው። እነሱ በትክክል እርጥበት ይመጥጣሉ።

ጊዜው ሲያልቅ መጀመሪያ ያለ ቻርጅ ይሞክሩት። ቀሪ ባትሪ ካለው አብርተው በዝቅተኛ ድምፅ ይስሙ። አንዱ ጆሮ ካነሰ ወንፊቱ ላይ ደረቅ ነገር ቀርቶ ይሆናል፤ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ወደ ታች አድርገው ይጥረጉት። የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ከሰሙ አጥፍተው አንድ ቀን ይጨምሩለት። የቻርጅ ብረቶቹን በደረቅ የጥጥ እንጨት አጽድተው ቻርጅ ሲያደርጉ አጠገቡ ይሁኑ፤ ተኝተው አይተዉት። ከወትሮው በላይ ከሞቀ፣ ቀፎው ካበጠ ወይም ሽታ ካመጣ ወዲያው ይንቀሉት። እንዲህ ያለ ማዳመጫ ቢሠራም ጆሮ ላይ አይደረግም፤ ከቆሻሻ ጋርም አይጣልም። ውስጡ ያለው የሊቲየም ባትሪ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል፣ ከሚቃጠል ነገር አርቀው ያስቀምጡትና ያገለገሉ ባትሪዎችን ለሚቀበል ቦታ ይስጡት።